የዮሳቤጥን ዕዳ ማን ይግዛ?

ኻርቱም፣ ዴም
ግንቦት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባባ፣

ሙሄዲን ያመጣልኝ ፖስታ ከላዩ አቧራ ጠጥቶ ነው የደረሰኝ፤ ውስጡ ግን እርስዎ ነበሩ፤ ቀጥ ያለው መስመርዎም ቁጣዎም። እኔ ደህና ነኝ፤ የሚጣላኝ ሙቀቱ ብቻ ነው።

ጆሮዎ ካልተሻለው ስለ ስልክ አይጨነቁ። ባለፈው ደውዬ «ተመረቅኩ!» ብዬ ስጮህ እርስዎ «ማን መረዘሽ?» ብለው ሲያለቅሱ፣ እኔ «አልተመረዝኩም!» ስል ጎረቤቶቼ ወተት ይዘው ሮጠው መጡ። ሙሄዲን እስከ መተማ መንዳቱን እስካልተወ ድረስ ደብዳቤ ይሻለናል።

የምርቃቱ ፎቶ በሰላም በመድረሱ ደስ ብሎኛል። አይ፣ አልከሳሁም፤ ካባው የኪራይ ስለሆነ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከጎኔ ሆነው አፋቸውን ሞልተው የሚስቁት እትዬ ስንቅነሽ ናቸው፤ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ስሜ ሲጠራ የለቀቁት እልልታ የኮሌጁን ዘበኛ ከበር አስሮጦ አመጣው።

ሸሃዳዬን፣ ይቅርታ፣ የምስክር ወረቀቴን ለምን እንዳልላክሁ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ እኔም ደጋግሜ ስለ አየሩ ጽፌ አልፌአለሁ። እጄ ላይ የለም አባባ። የአራተኛውና የመጨረሻው ዓመት ክፍያ ስላልተጠናቀቀ ኮሌጁ ይዞታል። እዚሁ ዴም ብወለድም ለሒሳብ ክፍሉ የውጭ ዜጋ ነኝ፤ የውጭ ዜጋ ደግሞ የሚከፍለው በዶላር ተሰልቶ ነው። የሱዳን ገንዘብ በወረደ ቁጥር እኔ እከሳለሁ፣ ዕዳዬ ይወፍራል። ኦምዱርማን አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሊቀጥሩኝ ተስማምተዋል፤ ግን ወረቀቱን እስከ ረመዳን ፍቺ ካላቀረብኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

የመጀመሪያውን ዓመት ጋሽ ጉግሳ፣ የሁለተኛውን እትዬ ስንቅነሽ እንዳበደሩን ያውቃሉ። የሦስተኛውን ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አሁን ሙሄዲን ሞተሩን አስነስቶ «ያላ፣ ያላ» እያለኝ ነው።

ልጅዎ ዮሳቤጥ


ጎንደር
ግንቦት 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳቤጥ፣

«ማን መረዘሽ» ማለቴን ለሙሄዲን ነግረሽው፣ ከገዳሪፍ እስከ መተማ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ መክረሙን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። «አቧራ ጠጥቶ» ያልሽው ግን ደስ ብሎኛል፤ አማርኛሽ ኻርቱም ውስጥ ጠፍቶ አልቀረም።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ከጆሮዬ በቀር ሁሉም በቦታው ነው። እንጀራም አልተቸገርኩም፤ ጎረቤቴ ሸዋአለም ትልክልኛለች። እኔ የቸገረኝ ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን የስደተኛ ልጅ ሳስተምር ኖሬ የገዛ ልጄ ወረቀት በዕዳ ተይዞ መቅረቱ። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤአለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ግቢ ለአንድ ሽማግሌ ሰፊ ነው። ጸጋዬ የሚባል ሰው ከመንገድ በኩል ያለውን ሰርቪስ ቤትና ግማሹን ግቢ ለጋራዥ ይፈልገዋል። ዋጋውም አይከፋም። እንዳትከራከሪኝ።

ጉግሳም ጽፎልኛል። ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል የለችበትም፤ ስለ እህቱ ልጅ ስለ ነቢዩ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ። ቁመቱን፣ ጨዋነቱን፣ ጥርሱን ሳይቀር ዘርዝሮታል። በሬ የሚሸጥ ነው የሚመስለው። ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ? እስካሁን አልመለስኩለትም። አብረን በበረሃ በእግራችን ወደ ሱዳን ስንሰደድ ውኃውን ለእኔ የሰጠ ሰው ነውና በደንብ ሳላስብ እምቢም እሺም አልለውም።

የሦስተኛውን ዓመት አበዳሪ ስም እጠብቃለሁ። ሙሄዲን ሞተር ቢያስነሳም ባያስነሳም።

አባትሽ ሀብተሚካኤል


ኻርቱም
ሰኔ 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባባ፣

እባክዎ ግቢውን አይሽጡ። ከሰላምታው በፊት ይህን የጻፍኩት እንዳይዘለልብኝ ነው። አሁን እንደምን ሰንብተዋል?

ሦስተኛውን ዓመት የከፈሉልኝ ሲት ኢህሳን ናቸው። የካፉሪዋ ወይዘሮ፤ እማዬ በቤታቸው የሠራችላቸው። እርስዎ ጎንደር ከገቡ በኋላ፣ የእማዬ ሙት ዓመት ሊደርስ ሲል ቤት መጥተው «ትምህርትሽስ?» አሉኝ። ላቋርጥ ነው አልኳቸው። በማግሥቱ ራሳቸው ኮሌጅ ሄደው ከፈሉ። «ብድር ነው፣ አንድ ቀን እመልሳለሁ» ብዬ ማልኩላቸው። «ሚስቴ ሰው ቤት ማብሰሏ ይበቃል፤ ልጄ ከዚያ ቤት አንዲት ሳንቲም አትቀበልም» ማለትዎን ስለማውቅ ደበቅሁዎ። ይቆጡኝ፤ ቁጣዎ ተገቢ ነው።

ጋሽ ጉግሳ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቀውኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስቱ አበዳሪዎቼ አንዳቸውም ገንዘባቸውን አይጠይቁኝም። እትዬ ስንቅነሽ «ማታ ማታ ብቻ ካሽ ላይ ተቀመጪልኝ» ይላሉ፤ እቀመጣለሁ። ሲት ኢህሳን ዓርብ ዓርብ የአማታቸውን ስኳር እንድለካ ይጠሩኛል፤ ስደርስ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተራ ይዘው ይጠብቁኛል። የካፉሪ ደም በሙሉ በእጄ አልፏል። ጋሽ ጉግሳ ደግሞ ነቢዩን ከገዳሪፍ አስመጡት።

ካላክላ ቤታቸው ጠሩኝና እኔንና ነቢዩን ሳሎን ውስጥ በሚሪንዳ ብቻችንን ተዉን። ጥርሱ እውነትም መልካም ነው። ጠርሙሱን ሲያሽከረክር ቆይቶ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለኝ። «ገዳሪፍ የምወዳት ልጅ አለች። ለአጎቴ መንገሩ ነው ያቃተኝ።» ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ጋሽ ጉግሳ ከበር ውጭ ሆነው «ኢንሻላህ! ኢንሻላህ!» ሲሉ ተሰማን፤ ያን ጊዜማ ሚሪንዳው በአፍንጫዬ ወጣ።

ሳቃችን ሲበርድ ስለ ዕዳዬ ነገርኩት። እሱ የሚሠራው ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር ነው። «እኛ ጋ» አለኝ፣ «ገበሬው ከየሱቁ ተበድሮ መግቢያ መውጫ ሲያጣ አንዱ ነጋዴ ለሁሉም ይከፍልለትና ዕዳውን ወደ ራሱ ያጠቃልለዋል። ገበሬው ከዚያ ወዲያ የሚያየው አንድ ፊት ነው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከፍላል። አንቺም የሚገዛሽን ፈልጊ።» ከዚያ ደንግጦ «ዕዳሽን ማለቴ ነው» አለ።

ከወጣሁ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። የኮሌጁም፣ የሌሎቹም በአንድ ሰው እጅ ቢገባ ሸሃዳዬን አውጥቼ ሥራ እገባለሁ። አቅሙ ያላቸው ሲት ኢህሳን ናቸው። ምን ይላሉ?

ዮሳቤጥ


ጎንደር
ሰኔ 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ለሁለት ቀን አኩርፌ ነበር። ቤት ውስጥ የማኮርፈው ሰው ስለሌለ ተውኩት። ከዚያ ሳስበው፣ እናትሽን ቀብሮ አንቺን እዚያ ትቶ የመጣው ሰው እኔ ነኝ። መቆጣት የሚገባሽ አንቺ ነሽ።

ቢሆንም ሁሉን ጠቅልሎ ለካፉሪ ማስረከቡን አልወደድኩትም። እናትሽ ወለተማርያም ከዚያ ቤት ስትመለስ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ዝም ብላ ትቀመጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ምን ሆነሽ ብዬ ስጠይቃት «ደረጃው ነው» ትለኝ ነበር። ሌላ ነገር አልነገረችኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ሴትዮዋ ክፉ ናቸው አልልም፤ አላውቃቸውም። ያንን ደረጃ ግን አንቺም እንድትወጪው አልፈልግም። ይህ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የተመረቅሽ ሰው ነሽ።

እኔም ያልነገርኩሽ አለ። ከጸጋዬ ቀብድ ተቀብያለሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልመለስኩለት ሽያጩ ይጸናል። ገንዘቡ ሳይነካ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ጊዜ አለሽ፤ ብዙ ግን አይደለም።

ነቢዩን ወድጄዋለሁ። ያቺ የገዳሪፏ ልጅ ባትኖር ኖሮ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ስርዙ የሚነበብ ከሆነ እንዳላየሽ እለፊው።

አባትሽ


ኻርቱም
ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባባ፣

ባለፈው ዓርብ የሆነውን እኔው ልንገርዎ፤ ጋሽ ጉግሳ አጋነው ሳይጽፉልዎ።

ሦስቱንም በአንድ ቀን ጠራኋቸው። እትዬ ስንቅነሽ ምግብ ቤቱን ከምሳ በኋላ ዘጉልኝ። ጋሽ ጉግሳ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ነቢዩን አስከትለው፣ ልክ ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ከካላክላ መጡ። ሲት ኢህሳን ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። መኪናቸው የዴምን ጠባብ መንገድ ዘግቶ የረክሻ፣ ማለትም የባጃጅ፣ ነጂዎች ሲጮሁባቸው፣ መጎናጸፊያ ቶባቸውን ሰብስበው ወርደው «የወለተማርያም ልጅ የት ነው ያለችው?» እያሉ በእግራቸው ገቡ።

ተነሥቼ ቆምኩ። አማርኛውም ዓረብኛውም ተቀላቅሎብኛል። ዕዳዬን የሚያጠቃልልልኝ አንድ ሰው እንደምፈልግ፣ ለእሱ ከደመወዜ በየወሩ እንደምከፍል፣ ሌሎቹ ገንዘባቸውን አሁኑኑ እንደሚቀበሉ ተናገርኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«እኔ ገንዘቤን ጠይቄሻለሁ?» አሉ እትዬ ስንቅነሽ።

«እኔስ ጠይቄአለሁ?» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «አልቀበልም!»

«እኔም አልቀበልም!» አሉ እትዬ ስንቅነሽ።

«እንግዲያው የሁሉንም እኔ ልግዛው» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «ባንድ ቤት ይጠቃለል። ነቢዩም ይኸው እዚህ አለ፤ ቤተሰብ መካከል ደግሞ ዕዳ የሚባል ነገር የለም።»

እትዬ ስንቅነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ጉግሳ፣ ዕዳዋን ነው ወይስ ልጅቷን ነው የምትገዛው?»

ነቢዩ ተነሣ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ገዳሪፍ ሰው አለችኝ። ሜሮን ትባላለች። ልነግርዎ በጀመርኩ ቁጥር ስለ መኪና መለዋወጫ ንግድዎ ይጀምሩብኛል።»

ጋሽ ጉግሳ ወንበር ፈልገው ሊቀመጡ አሰቡ፤ ለካ ተቀምጠው ኖሯል። «ታዲያ የዚያን ቀን ምን ያስቃችሁ ነበር?» አሉኝ። «በእርስዎ ነበር የምንስቀው ጋሼ» ስላቸው መጀመሪያ አኮረፉ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በመጨረሻ ዕንባቸውን በጀለቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ።

ሲት ኢህሳን ይህ ሁሉ ሲሆን «ምን እያሉ ነው?» እያሉ ክንዴን ይጎትቱ ነበር። ስተረጉምላቸው ግራ ገባቸው። «ከእኔ የተበደርሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሦስተኛው ዓመት ክፍያ።»

«ብድር ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ብድር ብዬ አላውቅም። እናትሽ ያን ሁሉ ዓመት ቤቴን ይዛ ኖራ ስትሞት የአገልግሎቷን ሒሳብ ለማን ልስጥ? አባትሽ ከእኔ እንደማይቀበሉ ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ ለኮሌጁ ሰጠሁት። ያ የወለተማርያም ገንዘብ ነው።»

«ዓርብ ዓርብ የምመጣውስ?»

«አማቴ ከአንቺ እጅ በቀር ስለማትፈልግ ነዋ። ደግሞ ለእሱ መክፈል ነበረብኝ፤ አላሰብኩትም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ያን ጊዜ ምን እንደመለስኩ አላስታውስም አባባ። እትዬ ስንቅነሽ ነጠላቸውን ፊቴ ላይ ጣል አድርገው ጭንቅላቴን እንደያዙት ብቻ ነው የማስታውሰው። ውጭ አንድ ረክሻ ጡሩንባውን ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር።

ዓይኔን ጠርጌ ተነሣሁ። «እንግዲህ ስሙኝ» አልኩ። «ዕዳዬን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ገንዘቡን ብቻ ነው። ማታዬን አይገዛም፤ ትዳሬንም አይገዛም። ስፈልግ እመጣለሁ፣ ስጠራ እመጣለሁ፤ ዕዳ ስላለብኝ ግን አልመጣም።»

እትዬ ስንቅነሽ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «ካሽ ላይ መቀመጡ ከብዶሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልከበደኝም እትዬ። ሥራ ስገባ ግን አልችልም።»

«እኔ እኮ እንዳትጠፊብኝ ብዬ ነው። እዚህ ሰፈር ያሳደግኩት ልጅ ሁሉ ወይ ካናዳ ነው ወይ አውስትራሊያ።»

«ኦምዱርማን ነኝ እትዬ። ድልድዩን ተሻግሮ ነው።»

ሳቁ። «በሉ እኔ እገዛዋለሁ። በዚህ ወር ሰንዱቅ የሚደርሰው ለእኔ ነው።» ሰንዱቅ የሚሉት የሰፈሩን ዕቁብ ነው። «አዲስ ፍሪጅ ላመጣበት ነበር፤ አሮጌው እያጓራ ይቆይ።»

ጋሽ ጉግሳ ገንዘባቸውን እንዲቀበሉ መለመን ነበረብን። ሊቀበሉ ከተስማሙ በኋላ ግን ነጋዴነታቸው ተመለሰ። «ያለ ዋስ ብድር የለም» አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ሀብተሚካኤል ይፈርም!»

ስለዚህ አባባ፣ ከጎንደር የምንፈልገው ግቢውን ሳይሆን ፊርማዎን ነው።

ዮሳቤጥ


ጎንደር
ሐምሌ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳቤጥ፣

«እኔ ሀብተሚካኤል የልጄ የዮሳቤጥ ዋስ ሆኛለሁ። የተስማማችውን ገንዘብ ለወይዘሮ ስንቅነሽ ሳትከፍል ብትቀር እኔ እከፍላለሁ።» ይህን በተለየ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሁለት ምስክር አስፈርሜ ልኬዋለሁ። ጉግሳ ማኅተም የለውም ካለ፣ ከበረሃው ጀምሮ ፊርማዬን ያውቃታል በይው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሴትዮዋ ንግግር ያለበት ጋ ስደርስ አቁሜ ወደ ግቢ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። እኔ ለራሴ ክብር ስል የማልቀበለውን ገንዘብ ወለተማርያም ለአንቺ አስተረፈችው። አንድ ዓመት ሙሉ እናትሽ ናት ያስተማረችሽ ዮሲ። ካለፈችም በኋላ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ትናንት ለሸዋአለም ነገርኳት፤ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ለጸጋዬ ቀብዱን መለስኩለት። ይጣላኛል ብዬ ነበር፤ ይልቁንም ሴት ልጁ ሒሳብ አቅቷታልና እንዳስተምርለት ለመነኝ። ጆሮዬ እንደማይሰማ ነገርኩት። «እሷም የምትናገር አይደለችም» አለኝ። ባለፈው ሰኞ ጀመርን። በጥቁር ሰሌዳ ተግባብተናል።

ሸሃዳሽ እንደወጣ ጻፊልኝ። (ቃሉን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት።)

አባትሽ


ኻርቱም
ጳጉሜን 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

አባባ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈውን ወረቀት ቀስ ብለው ይክፈቱት። ቅጂው ነው። ዋናው እትዬ ስንቅነሽ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከንግድ ፈቃዳቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ለሆስፒታሉ ለማሳየት ለምኜ ነው ለአንድ ቀን ያወረድኩት።

የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ረመዳንን ሙሉ «ቡክራ ነይ» ሲለኝ ከረመ። ሁልጊዜ ነገ። በመጨረሻ እትዬ ስንቅነሽ አብረውኝ መጥተው፣ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «እኔም ቡክራ ነው የምሄደው» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረቀቱ የዚያኑ ቀን ወጣ። ለዒድ ሲት ኢህሳን አንድ ሰሐን ከዕክ ልከውልኛል፤ ያን ብስኩት የእማዬ እጅ ነው ያስለመዳቸው ይላሉ። ዓርብ ዓርብ አሁንም እሄዳለሁ። እየተከፈለኝ።

ኦምዱርማን ሥራዬ ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ዴም፣ ወደ እትዬ ስንቅነሽ ሄድኩና ቶሎ ልጨርስ ብዬ ከተስማማነው አብልጬ ሰጠኋቸው። ቆጥረው ትርፉን መለሱልኝ።

«ምነው፣ ልትገላገይኝ ነው?» አሉ። «ውላችን በየወሩ ነው፤ ራስሽ ይዘሽ ነው የምትመጪው። በሰው መላክ የለም። ጠግበሽ ሳትበዪም አትሄጂም።»

ዓሣ አቀረቡልኝ። ቤቱ ሞልቶ ስለነበረ በልቼ ስጨርስ ማንም ሳይጠይቀኝ ካሽ ላይ ተቀመጥኩ። ነቢዩ ከሜሮን ጋር መጥቶ ነበር፤ ሠርጋቸው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጋሽ ጉግሳ ስለ ሜሮን ጥርስ ለሰው ሁሉ እያወሩ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት አባባ።

ዮሳቤጥ


ጎንደር
መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ፣

ወረቀትሽን አየሁት። ዓረብኛው ላይ የስምሽን ፊደላት አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩ፤ እናትሽ ብታየው ምን እንደምትል አስቤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ለሸዋአለም ሰጠኋት፤ ገና አልመለሰችልኝም፤ ሰፈር እያዞረችው ነው።

ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳውን ሄዶ የመጎብኘት መብት እንዳለው ከሕግ አዋቂ አረጋግጫለሁ። ሕግ አዋቂው ሙሄዲን ነው። ከኋላው ያለውን ወንበር ለታኅሣሥ ይዞልኛል፤ ሙቀቱም ያን ጊዜ ይበርዳል። ለወይዘሮ ስንቅነሽ የጎንደር ቅቤ አመጣለሁ፤ ለጉግሳ ምንም አላመጣም፤ እኔን ማየት ይበቃዋል።

በመጣሁ በመጀመሪያው ዓርብ አብሬሽ ካፉሪ እሄዳለሁ። እምቢ አትበዪኝ፤ ደረጃውን ማየት እፈልጋለሁ። ሴትዮዋን አመሰግናቸዋለሁ፤ የምለውን በዓረብኛ ካሁኑ እያጠናሁ ነው። ምሳ ብሉ ካሉኝም ቁጭ ብዬ እበላለሁ።

አባትሽና ዋስሽ
ሀብተሚካኤል